መስታወቱ የተሸፈነበት ከሰዓት

ሰው ሰውን የሚለየው በፊቱ ነው፤ እሱ ግን በማጅራቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ኋላ ቆሞ ሲቆርጥ የኖረ ፀጉር አስተካካይ ምን ያድርግ? መንገድ ላይ ደንበኛው ከፊት ለፊት መጥቶ ሰላም ሲለው ግራ ይገባውና በደፈናው «ደህና፣ ደህና» ብሎ ያልፋል። ያው ሰው አልፎት ጀርባውን ሲሰጠው ነው፣ «ውይ፣ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ነው ለካ» የሚለው። ሚስቱ በዚህ ነገር ስትስቅበት ኖራለች። «እኔንም የምታውቀኝ ከኋላዬ ነው፤ ለዚህ ነው ስቆጣ የማትደነግጠው» ትለዋለች።

ፀጉር ቤቱ ጠባብ ናት። ሁለት የሚሽከረከሩ ወንበሮች፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ለተረኛ የሚሆን አግዳሚ ወንበር፣ ከጓዳ በኩል ደግሞ ፀጉር ማጠቢያ ገንዳ። አንደኛው ወንበር የሱ ነው። ሁለተኛው የባልደረባው ሲሆን፣ እሱን ሠፈሩ በሙሉ «ምላጭ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ስለ እጁ ሳይሆን ስለ ምላሱ። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሠሩና ሲነታረኩ ጥቁር ፀጉራቸው ሸብቷል።

እዚያ ወንበር ላይ አባት ተቆርጧል፣ ልጅ ተቆርጧል፣ የልጅ ልጅም ተቆርጧል። ስለዚህ አንድ ጎረምሳ ገብቶ ገና አንገቱን ሲያቀረቅር፣ «አያትህ እንደ አንተው እዚህ ጋ ፀጉሩ ወደ ላይ ይሸሽ ነበር። ስንት ማበጠሪያ ሰበርኩበት መሰለህ» ይለዋል። ጎረምሳው ይደነቃል። እሱም፣ ይህን ሁልጊዜ እያየ፣ ሁልጊዜ ይደነቃል። መቃብር የገባ ሰው ማጅራት በሌላ ሰው አንገት ላይ ተመልሶ ሲመጣ ማየትን እንዴት ይልመደው?

የሱን ፀጉር የሚቆርጥለት ምላጭ ነው፤ በየጊዜውም ያማርራል። ሰውዬው ሁለት አናት አለው፤ ፀጉሩ እንደሌላው ሰው አንድ ቦታ ላይ ዞሮ አይበቅልም፣ ሁለት ቦታ ላይ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚዞረው። ማጅራቱ ላይ ያለው ደግሞ ወደ ታች በመውረድ ፈንታ ወደ ግራ ጆሮው ይወጣል።

«ይሄን ጭንቅላት የሠራ ሰው ሥራው ላይ እንቅልፍ ጥሎታል» ይላል ምላጭ። «የማንን ነው የወሰድከው? ባለቤቱ መጥቶ ቢወስድልን ምን አለበት?»

እሱም ይስቃል። ሳቁ የራሱ ነው፤ ወደ ውጭ አይወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ እየሳበ፣ ሕቅታ እንደያዘው ሰው ነው የሚስቀው። ደንበኞች ሳቁን ለማስመሰል ይሞክራሉ፤ አንዳቸውም አልተሳካላቸውም።

ምላጭ ይህን የሚቀልደው ነገሩን እያወቀ ነው። ሰውዬው የጉዲፈቻ ልጅ ነው። ያሳደገችው እናቱ ይህን አልደበቀችውም፤ የጫማ ቁጥሩን እንደምትነግረው ሁሉ፣ ገና ልጅ ሳለ በቀላል አፍ ነገረችው። «ሌላ ሴት ናት የወለደችህ። ማን እንደሆነች አልነገሩኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም። አሁን እግርህን ታጠብና ተኛ።» እሷ በሕይወት እያለች ሌላ እናት መፈለግ ነውር መሰለው። ቢፈልግስ የት? ፋይሉ ታሽጎ ነው የሚቀመጠው፤ ልጁም ሆነ ወላጆቹ እንዳያዩት ሕጉ ይከለክል ነበር።

እናቱን ከቀበረ በኋላ አንድ ቀን፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ ጋዜጣ ሲያነብ፣ «አይ ዘመን፣ የጉዲፈቻ መዝገብ ሊከፈት ነው አሉ» አለ። «ልጁ ለአቅመ አዳም ከደረሰ፣ ማን እንደወለደው የማወቅ መብት አለው ይላል አዲሱ ሕግ።» ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛው ጆሮ አካባቢ ደርሶ ነበር። መቀሱን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና፣ «እስቲ ድገምልኝ» አለ።

መዝገቡ ያለበት መሥሪያ ቤት የተቀበለችው ወጣት ሴት ናት፤ በዕድሜ ልጁ ልትሆን የምትችል፣ መነጽሯን በየደቂቃው ወደ ላይ የምትገፋ። ሥራዋ ተለያይተው የቀሩ ቤተሰቦችን ማገናኘት ነው። ሁሉም አገናኟ ይሏታል። ፋይሉን ከፍታ ፊቱ አኖረችው። ሁለት ሦስት ገጽ ብትሆን ነው፤ የወለደችው ሴት ስም፣ ያኔ የነበረችበት ሥራ፣ አንድ ፊርማ። ሌላ ምንም የለም። ሰው የሚያህል ነገር እንዴት እዚህ ውስጥ ገባ ብሎ ገጾቹን ደጋግሞ ገለበጠ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር በደንብ ይያዙልኝ» አለችው አገናኟ። «ማወቅ የእርስዎ መብት ነው። መገናኘት ግን የሁለት ሰው ጉዳይ ነው። እኔ ፈልጌ እጠይቃታለሁ። እሺ ልትል ትችላለች፣ እምቢ ልትል ትችላለች፣ እሺ ግን እንዲህ ከሆነ ልትልም ትችላለች። ያስቀመጠችው ቅድመ ሁኔታ ከተጣሰ እዚያው ያበቃል። ከዚያ በኋላ በሯን ማንኳኳት፣ ስልክ መደወል፣ ሰው መላክ የለም። ፍርድ ቤት ያስቀርባል።»

«በሕይወት አለች?»

መነጽሯን ገፋ አደረገች። «አለች።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፈው ምላጭ ነው የሚያውቀው። ሰውዬው ስልኩ በጮኸ ቁጥር የተጀመረ ፀጉር ጥሎ ይሮጣል። «ለሴት ልጅ ደብዳቤ ጽፎ መልስ የቀረበት ጎረምሳ መሰልክ» ይለዋል ምላጭ። «ያንን የባንክ ሰው ግማሹን ቆርጠህ ግማሹን ትተኸው ልሂድ ሲል እኮ አመሰገንከው።»

መልሱ መጣ። አገናኟ በስልክ መናገር አልፈለገችም፣ ቢሮ ጠራችው። ሴትየዋ እሺ ብላለች፤ ለአንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ትቀጥል አትቀጥል ራሷ ትወስናለች። እና ደግሞ አንድ ቅድመ ሁኔታ አላት።

«ፊቴን እንዲያይ አልፈልግም፣ እኔም ፊቱን ማየት አልፈልግም ነው ያለችው። ለምን ብዬ ብጠይቃት ለሱ እነግረዋለሁ አለች። ከአለቃዬ ጋር ተነጋግረን፣ እዚህ አዳራሹ ውስጥ መጋረጃ እንሰቅላለን። እርስዎ በወዲህ በኩል፣ እሷ በወዲያ።»

ሰውዬው ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ማራገቢያ ሲያይ ቆየ። አገናኟ ተቀየመ ብላ ፈራች።

«መጋረጃ አይሆንም» አለ በመጨረሻ። «በመጋረጃ ሰው አያወራም፣ ይናዘዛል እንጂ። እኔ ግን ሰው ፊት ሳያይ እንዴት እንደሚያወራ አውቃለሁ። እኔ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ለሚስቱ ያልነገረውን ነው የሚነግረኝ፤ ለምን መሰለሽ? ከኋላው ስለቆምኩ ነው። ዓይን ለዓይን የለም። ፀጉር ቤቴ ትምጣልኝ። መስታወቱን እሸፍነዋለሁ።»

አገናኟ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ሕጉን አገላበጠች። ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ቦታ፣ አገናኝ እስካለ ድረስ፣ ይላል። ለሴትየዋ ደወለችላት። ከዚያኛው ጫፍ ድምፅ መጣ። «እሺ። ፀጉሬም አድጓል።»

መስታወቱን የሸፈነችው ሚስቱ ናት። ትልቅ አበባ ያለበትን የአልጋ አንሶላ አምጥታ፣ ወንበር ላይ ወጥታ፣ ጫፉን በምስማር እያያዘች፣ «ለአንድ ጊዜ ብቻ መጥታ ብትቀርስ?» አለችው።

«ትቅር።»

«እንዲህ በአፍ ቀላል ነው።»

«ስሚኝ» አላት። «የስንቱን ሰው ጭንቅላት ዳስሼ ኖርኩ። የሥጋ ዘመዴ የሆነ ሰው ግን አንድም ቀን ነክቼ አላውቅም። አንድ ቀን ከነካሁ የቀረው ምርቃት ነው።»

ልጅ አልወለዱም፤ ይህ ነገር በመካከላቸው ሲነሳ በዝምታ ነው የሚነሳው። ምስማሩን መታ መታ አደረገችና ወረደች።

በቀጠሮው ከሰዓት ምላጭ ከውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ሥራው ደንበኛ መመለስ ነው። «ውሃ ጠፍቷል» ይላል ለአንዱ። «መብራት ጠፍቷል» ይላል ለሌላው። ሦስተኛው፣ «መብራቱ እኮ በርቷል» ሲለው፣ «ለውሃው ነው የበራው፣ እየፈለግነው ነው» አለውና በሩን በጀርባው ደገፈው። አገናኟ ውስጥ አግዳሚው ላይ ናት። ሰውዬው ጓዳ ገብቶ፣ ፊቱን ወደ ገንዳው አዙሮ፣ ፎጣ በእጁ ይዞ ቆሟል። ፎጣው ያለ ውሃ ረጥቧል።

በሩ ተከፈተ። የሴት ጫማ፤ ቀስ ያለ፣ አንደኛው እግር ትንሽ ወደኋላ የሚቀር። ከዚያ ወንበሩ ሰው ሲቀመጥበት የሚያሰማትን እስትንፋስ የመሰለች ድምፅ አሰማ።

«ተቀምጣለች» አለች አገናኟ።

ዞሮ ወጣ። ወንበሩ ፊቱን ለአንሶላው፣ ጀርባውን ለሱ ሰጥቶ ነበር። ከመብራቱ ሥር አንድ ጭንቅላት አየ፤ አጭር፣ ነጭና ግራጫ የተደባለቀ ፀጉር። እዚያው ቆመ።

ራሱን ነው ያየው። በሕይወቱ ሙሉ ሁለት መስታወት አገጣጥሞ፣ አንገቱን ጠምዝዞ፣ በስርቆት ያያት የራሱ ማጅራት፣ በሰላም፣ በብርሃን፣ ፊቱ ተቀምጣለች። ፀጉሩ ወደ ግራ ጆሮ ይወጣል። ከፍ ሲል ደግሞ ሁለቱ አናት፤ ወንዝ ላይ ተቀራርበው እንደሚሽከረከሩ ሁለት ትናንሽ አዙሪቶች፣ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። በሌሎች ቤት ሲደነቅበት የኖረው ነገር ዛሬ ወደ እሱ ቤት መጥቷል። ለካ እሱም ከሆነ ቦታ ነው የመጣው፤ ለካ ሥራው ላይ እንቅልፍ የጣለው ሰው የለም።

አፉን የሚያላቅቅበት ሌላ ቃል አጣና ለሁሉም የሚለውን አለ።

«እንዴት ይሁንልዎ?»

«እንደ ወትሮው» አለች።

እዚህ ቤት ወትሮ የላትም። ሰውዬው ግን ምንም እንዳልተባለ ሁሉ ነጩን ጨርቅ አለበሳት፣ ከአንገቷ ሥር አሰረላት፣ ማበጠሪያውን አነሳ። የግራ እጁን አናቷ ላይ አሳረፈ፤ ሥራው ነው፣ ሁሌም እንዲህ ነው የሚጀምረው። ከጆሮዋ ኋላ ያለችውን ጉብታ ጣቱ አገኛት። እሱም አለችው። ከሷ ወደ ላይ አጥንቱ እንዴት እንደሚሄድ ሳያይ ያውቀዋል፤ እጁ ከሱ ቀድሞ ይሄዳል። ያደገበት ቤት ውስጥ በጨለማ እንደሚሄድ ሰው።

«እነዚህ ምን አበባዎች ናቸው?» አለች ወደ አንሶላው።

«የሚስቴ አንሶላ ነው።»

«ደግ ሴት ትመስላለች።»

«ናት። አፏ ነው እንጂ።»

«አፍ ያለው ይሻላል» አለች። መቀሱ መሥራት ጀመረ። ያ ድምፅ ሰውን እንዴት እንደሚፈታ እሱ ያውቃል፤ ስለዚህ አልጠየቃትም፣ ቆረጠ።

«ልብስ ማጠቢያ ቤት ነበር የምሠራው» አለች። «የሆቴል አንሶላ። ልጅ ነበርኩ። የምውልበትም የማድርበትም እዚያው ነው። ስወልድ፣ አዋላጇ ክፉ ሴት አልነበረችም፣ አንድ ነገር ልምከርሽ አለችኝ። ልትሰጪው ከሆነ ፊቱን አትዪው። ፊቱን ካየሽ መሄድ አትችዪም። እኔም እሺ አልኩ። ሲያመጡህ...» ቆመች። አንቱ ልትለው ነበር ያሰበችው፤ እንዴት ወደ አንተ እንደወረደች ራሷም አላወቀችውም። «ሲያመጡህ ዓይኔን ጨፈንኩ። እጄን ግን አልከለከለችኝም። እጄን አናትህ ላይ አደረግሁ። ፀጉርህ ገና እርጥብ ነው። ሁለት ቦታ ሲዞር በጣቴ ታወቀኝ። እንደኔ። ከዚያ ወሰዱህ።»

መቀሱ ቆሟል።

«ቁረጥ እንጂ» አለች። ቆረጠ። «ያኔ ያላየሁትን ፊት ዛሬ በምን ዓይኔ ላየው? ይሄን ነው ለዚች ልጅ መናገር ያቃተኝ።»

ሰውዬው ማበጠሪያውን ጠራረገ።

«ከዚያ ወዲያ» ቀጠለች፣ «አውቶቡስ ስሳፈር የመጨረሻው ወንበር ላይ ነበር የምቀመጠው። ሰው አሟታል ይላል። እኔ እኮ የልጆቹን አናት ለማየት ነው። ሰልፍ ላይም ከፊት ቦታ ቢሰጡኝ አልወስድም። ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ይኖራል፣ እኔ ከኋላ ከኋላ ኖርኩ። ሁለት አናት ያለው ልጅ አይቼ አንዴ ሦስት ፌርማታ አልፌ ወርጃለሁ። የሌላ ሰው ልጅ ነበር፤ እናቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች።»

ሰውዬው ሰማ። አንዲት ሴት በዚህ ከተማ መንገዶች ላይ ስንት ዘመን ሙሉ የሰው ማጅራት ስታይ ኖራለች፤ እሱም በዚች ጠባብ ቤት ውስጥ የሰው ማጅራት ሲያይ ኖሯል። ማንም አላስተማራቸውም፤ ማንም አላስማማቸውም። ይህን ምን ይሉታል? ትከሻዋ ላይ የወደቀውን ፀጉር በብሩሹ ጠረገ፣ ሥራው አለቀ።

ታዲያ እጅ ልማዱን አይተውም። ሥራ ሲያልቅ ትንሿን መስታወት አንስቶ ከደንበኛው ኋላ መያዝ፣ ግራውን ቀኙን ማሳየት፣ «ይሄን ይመስላል» ማለት። አነሳት፣ ከማጅራቷ ኋላ ያዛት፣ «ይሄን ይመስላል» አለ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያንቀሳቀሰ። ሴትየዋ ፊቷ ያለውን የአልጋ አንሶላ በትህትና ተመለከተች።

«አበባው በጣም አምሮበታል» አለች።

ከዚያ ሳቀች። አየር ወደ ውስጥ እየሳበች፣ ሕቅታ እንደያዘው ሰው፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች።

ከውጭ የምላጭ ድምፅ በበሩ ስንጥቅ ገባ። «አንተ ሰውዬ፣ ምን አሳቀህ?»



«ማነው?» አለች ሴትየዋ ሳቋን ገታ አድርጋ።

«ጓደኛዬ ነው። እኔ የሳቅሁ መስሎት ነው።»

«ለምን አንተ መሰልኩት?»

ስቆ ሊያሳያት ፈለገ፤ ሳቅ ግን በትእዛዝ አይመጣም። የመለሰችላት አገናኟ ናት፤ መነጽሯን አውልቃ ይዛለች። «ጋሼም እንዲሁ ነው የሚስቁት» አለች፣ የሥራዋ ባልሆነ ድምፅ። «ቢሮ መጀመሪያ የመጡ ቀን ሰምቻለሁ። አንድ ነው።»

ወንበሩ ላይ ያለችው ሴት ነጩን ጨርቅ ራሷ ፈታችው።

«ዓይንህን ጨፍን» አለችው። «እኔም እጨፍናለሁ። አንቺ ልጅ፣ እጄን ያዢልኝ። ቦታ እንቀያየራለን።»

አገናኟ ተነሳች። «እማማ፣ ቅድመ ሁኔታው...»

«ፊት አይታይም አልኩ እንጂ አይቀመጥም አላልኩም።»

ጨፈነ። የልብሷ ጫፍ እጁን ነካው፣ አለፈ። ገና በሙቀቷ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ሲገልጥ ፊቱ አበባ ብቻ ነው። እዚህ ወንበር ላይ ከኋላው የሚቆመው ሁልጊዜ ምላጭ ነበር። አሁን አንድ እጅ፣ ውሃና ሳሙና የበላው ደረቅ እጅ፣ መጣና አናቱ ላይ አረፈ። አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አንድ ጣት ብቻ በቀስታ ዞረ፣ አንዴ ወዲህ፤ ትንሽ ፈቀቅ አለና አንዴ ወዲያ።

«አድገሃል» አለች።

በሕይወቱ ለስንት ሰው ጭንቅላት «ዝም በል፣ አትነቃነቅ» እንዳለ አያውቅም፤ እሱን ግን የሚያዘው ሳይኖር ድንጋይ ሆኖ ተቀመጠ። እጇ እንዳይነሳ ፈራ። እጇ ከተነሳ ያችን በር ወጥታ ትሄዳለች፣ ሕጉም ከሷ ጋር ነው፣ እሱም ቃሉን ሰጥቷል። ውጭ አንድ ሰው ስለ መብራቱ ይከራከራል፣ ምላጭ ይዋሻል፣ መኪና ያልፋል። እጇ አናቱ ላይ ነው።

«ዞር በል» አለችው።

መጀመሪያ የሰማ አልመሰለውም። አገናኟ ግን ሰምታለች። «እማማ፣ ልጠይቅዎ ግድ ነው፤ እርግጠኛ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ያሰርኩት፣ እኔ ልፍታው። ዞር በል ልጄ።»

የስንቱን ሰው አንገት በአንድ ጣት ግራና ቀኝ ሲያዞር የኖረ ሰው የራሱን አንገት ማዞሩ ጠፋው። ስለዚህ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ገፋ፤ ወንበሩ እየተሽከረከረ፣ አንሶላው አለፈ፣ ገንዳው አለፈ፣ አግዳሚው አለፈ፣ ወንበሩ ቆመ።

ፊቷ እዚያ ነበር፤ እጁን ቢዘረጋ የሚነካው። ግንባሯ፣ ቅንድቧ፣ የተሰበሰቡ ከንፈሮቿ፤ ሁሉን አየ። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍናለች። ዞር በል አለችው እንጂ የራሷን ገና አልደፈረችም፤ ሽፋሽፍቷ ይርገበገባል።

አላጣደፋትም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ቀና አድርጎ፣ እስክትገልጥ ተቀምጦ ጠበቃት።